ሳልለፋ የቀነስኩት ኪሎ

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ይሄንን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የማወራውን ስትሰሙ «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» እንዳትሉኝ ነው። ተፈጥሮዬ ነው ብዬ አስብ ነበር። ያከመችኝ ዶክተር ግን «ግማሹ ተፈጥሮህ ነው፣ ግማሹ በሽታው ነው» ብላኛለች። የትኛው ግማሽ የትኛው እንደሆነ እስካሁን አልለየሁም።

ቦክሰኛ ነኝ። የተወለድኩት ሽሮ ሜዳ ነው፤ በልጅነቴ አባቴ ጋ እንግሊዝ አገር ሄጄ እዚያው አደግኩ፣ ዜግነቴም የዚያው ነው። የምጋጠመው በቀላል ክብደት ነው። ሚዛን ላይ ስወጣ ከስልሳ አንድ ኪሎ ብዙም ማለፍ የለብኝም ማለት ነው። እንጀራዬ ቡጢ ነው። የመጀመሪያ ግጥሚያዬን ያደረግኩት ወለሉ ላይ የቅርጫት ኳስ መስመር በተሰመረበት የሰፈር አዳራሽ ነበር። አስተዋዋቂው ስሜን መጥራት ቢያቅተው «ከአዲስ አበባ!» ብሎ ብቻ ተገላገለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አሸንፌአለሁ፣ አንዴ ተሸንፌአለሁ፤ እሷንም ዳኞቹ ናቸው የበሉኝ።

እዚህ ታሪክ ውስጥ የገባሁት ለብሪታንያ የቀላል ክብደት ቀበቶ ለመቅረብ አንድ ግጥሚያ ብቻ ሲቀረኝ ነው። አሰልጣኜ ኬቨን፣ «ሯጩ ሁሉ ሳንባውን የሚያሰፋው እንጦጦ ላይ ነው፤ አንተ እዚያ አክስት አለህ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለኝ። ኬቨን ከልጅነቴ ጀምሮ ያሠለጠነኝ ሰው ነው። በዚህ ዓለም ላይ ዓይኔን ጨፍኜ የማምነው ሰው ቢኖር እሱ ነበር። በቃ፣ ሻንጣዬን ይዤ አክስቴ አበበች ቤት ገባሁ።

አክስቴ ሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ ትሸጣለች። ልጇ ታሪኩ ሸማኔ ነው። እሱም በአንድ ወቅት እዚሁ ሰፈር የቦክስ ክለብ ውስጥ በእኔው ክብደት ቦክስ ተጫውቷል፣ በኋላ ትከሻው ሲወልቅ ተወው። ጠዋት ጠዋት ሽመናው ላይ ከመቀመጡ በፊት አብሮኝ ዳገት ይወጣል፣ ውሃዬንም የሚይዘው እሱ ነው። በየሳምንቱ ደግሞ ኬቨን በስልክ ቪዲዮ ያየኛል። ሸሚዜን አውልቄ ሚዛን ላይ እቆማለሁ፣ ዞር በል ይለኛል፣ እዞራለሁ፤ «ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥል» ይለኛል።

መጀመሪያ ላይ በሽታው በሽታ አልመሰለኝም፤ እንደውም የምሥራች ነበር የመሰለኝ። ለግጥሚያ ኪሎ መቀነስ የቦክሰኛ ሲኦል ነው፤ ጨው የለም፣ ዳቦ የለም፣ ሕልም ሁሉ የምግብ ሕልም ነው። እኔ ግን ጨው አይኑርበት እንጂ አክስቴ ያቀረበችልኝን ሁሉ እየጠረግኩ፣ ጨምሩልኝ እያልኩ፣ ኪሎው እንደ ጉድ ይወርዳል። ስድስት ኪሎ ቀነስኩ ብዬ ለታሪኩ ስነግረው፣

«እንግዲህ ከስድስት ኪሎ ተነስተህ አራት ኪሎ እየወረድክ ነው» አለኝ። «በዚሁ ከቀጠልክ ፒያሳ ትገባለህ።»

ሳቅን። ወዲያው ግን «ምን አስቀናው?» አልኩ በሆዴ።

ከዚያ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከጓንት በፊት እጄን በፋሻ መጠቅለል ለእኔ ጫማ እንደማሰር ነው፤ አንድ ጠዋት ግን ሦስቴ ጠቅልዬ ሦስቴም ተፈታብኝ። የሽሮ ሜዳን ብርድ ታውቁት የለ? ሰው ጋቢ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ እኔ በካናቴራ ላብ ያጠምቀኛል። ተኝቼ ልቤ ሩጫ ላይ ነው። ሌሊቱን ደረቴን ይዤ አሁን ትቆማለች፣ አሁን ትቆማለች እያልኩ ነው የማነጋው፤ ፈርቼ ነበር፣ ምን ይደብቃል።

ደግሞ ዓይኔ! ሰው ሁሉ ፈጠጥክብኝ ይለኛል። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ወንድም፣ ሒሳብ ነው የጠየቅኩህ፣ ምን ታፈጣለህ?» ብሎ ልንያያዝ ነበር። እኔ እኮ ዝም ብዬ ነው ያየሁት!

ለኬቨን አልነገርኩትም። እንግሊዝ አገር የቦክሰኛ ፈቃድ የሐኪም ቃል ላይ ነው የቆመው፤ ልብ የሚባል ነገር ከተነሳ ፈቃዱ ይያዛል፣ ግጥሚያውም ለሌላ ይሰጣል። ኬቨንን ደግሞ እወደዋለሁ እንጂ ሐኪም ፊት መዋሸት አይችልም ብዬ ነው። በቪዲዮው ፊት ስቆም እጄን ወገቤ ላይ አደርግ ነበር፣ እንዳይንቀጠቀጥ።

ስለዚህ እዚሁ በዘዴ ልታከም አልኩ። የመጀመሪያው ክሊኒክ ደም ወስዶ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» አለኝ። ሁለቱንም! መድኃኒቱን ውጬ ጨረስኩት፣ ምንም። ሁለተኛው «ጨጓራህ ነው» አለ። የምበላውን ቢያይ እንደዚያ አይልም ነበር። ሦስተኛው ጋ ያለው ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ «ብራዘር፣ ጭንቀት ነው፤ ሚስት አለችህ?» አለኝ። ሳላስበው ቡጢዬ ተጨበጠ።

ሰፈሩም ሥራ አልፈታም። አንዷ ጎረቤታችን ለአክስቴ «እንጦጦ ጠበል ውሰጂው እንጂ፣ ምን ታይዋለሽ?» ትላታለች። አክስቴ ጴንጤ ናት፣ የጸሎት ቡድኗን ሰብስባ በላዬ ላይ ታስጸልያለች። ሌላው ደግሞ አፉን ሸፍኖ ሌላ በሽታ ይጠራል። ተመርምሬ ነጻ ነኝ ብላቸው ማን ይሰማኛል? አንድ ሰው መንገድ ላይ «መቼ ነው የምትመለሰው?» ካለኝ፣ የመመለሻ ቀኔን ለየትኛው ተጋጣሚ ሊሸጥ ነው እያልኩ ማደር ጀመርኩ።

በመጨረሻ አክስቴ እየጎተተች አንድ ትልቅ ሆስፒታል ወሰደችኝ። የካርዱ ወረፋ፣ የክፍሉ ወረፋ፣ አግዳሚው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ መጠበቅ። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ልብህ በሸሚዝህ ላይ ትታያለች። እኔ እቆያለሁ፣ በእኔ ተራ ግባ» አሉኝ። ይሄኔ አመሰግናለሁ ይባላል። እኔ ግን ምን ፈልገው ነው ብዬ ዞር ዞር አልኩ። አክስቴ በክርኗ ጎኔን ስትለኝ ነው የተነሳሁት። እግዜር ይስጣቸው፣ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ንግግሯ ቁጥብ። ሥራህ ምንድነው አለችኝ። እውነቱን ከተናገርኩ ነገሩ ተጽፎ እንግሊዝ ይደርሳል ብዬ፣

«ሸማኔ ነኝ» አልኳት።

ጣቶቼን አየች፣ ከዚያ የተሰበረ አፍንጫዬን። «በቡጢ ነው የምትሸምነው?» አለችና ውሃ በኩባያ ሰጠችኝ። «በል ዋጥ አድርግ።» እየዋጥኩ አንገቴን በጣቷ ዳሰሰች። ደጋግማ ዳሰሰች። ከዚያ «እንቅርት ነው የሚመስለኝ» አለች።

ሳቄ መጣ። እንቅርት እኮ እዚህ ጋ የሚንጠለጠል ነገር ነው! የእኔ አንገት የበሬ አንገት ነው፣ ለቡጢ ብዬ ያፈረጠምኩት። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ሁሉም እንቅርት ወደ ውጭ አይንጠለጠልም» አለችኝ። «እዚህ ጋ ታይሮይድ የምትባል እጢ አለች፤ የሰውነትን እሳት የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ያንተዋ እሳቱን ያለ ልክ ለቃዋለች፤ የበላኸውን ታቃጥላለች፣ ሲያልቅ አንተኑ ታቃጥላለች። ልብህም፣ እጅህም፣ ዓይንህም ከዚያ ነው። ደም እንመረምራለን። እስከዚያ ይሄን ለልብህ ትወስዳለህ። ሩጫ የለም፣ ከባድ እንቅስቃሴ የለም። ሽመናም ቢሆን።»

ደሙን ሰጠሁ። መድኃኒቱን ግን አልገዛሁም፣ ውጤቱንም ተመልሼ አልጠየቅኩም። ሦስት ክሊኒክ ሦስት በሽታ ሰጥቶኛል፣ እሷ ደግሞ አራተኛውን ጨመረች፤ ለምን አምናታለሁ? ደግሞ ለካርድ ማውጫ የያዝኩትን ፓስፖርት ለምን አየችው? ግጥሚያው ደርሷል፣ ሩጫ የለም ትለኛለች! ተጋጣሚዬ እንኳ ከዚህ የተሻለ አይመኝልኝም።

ቤት ገብቼ ለታሪኩ እየሳቅኩ አወራሁ። «እንቅርት አለህ አለችኝ እኮ! እስቲ እየው፣ የት አለ?» ታሪኩም ሳቀ። አክስቴ ግን አልሳቀችም። ያደገችው ጋሞ ተራራ ላይ ነው፤ እናቷ እንቅርት ነበረባት። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የሆነ ነገር ተለወጠ። ጎመኑ ጨው ጨው ይለኛል። አጃው ጨው ጨው ይለኛል። እኔ ጨው ካቆምኩ ቆይቻለሁ፣ ምላሴ ቅንጣቷን ታውቃለች። «አክስቴ፣ ጨው የለውም አይደል?» እላታለሁ፤ «ኧረ የለውም የእኔ ልጅ» ትላለች፣ ዓይኔን ሳታይ። ቀጥሎ ዳገት ላይ ከታሪኩ እጅ ተቀብዬ የጠጣሁት ውሃ ራሱ ጨው ጨው አለኝ።

ለሌላ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። ለቦክሰኛ ግን ጨው ማለት ውሃ ማለት ነው፤ ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ ሚዛን ላይ ኪሎ ይጨምራል፣ ግጥሚያው ሳይጀመር ትሸነፋለህ። ኪሎዬን ሊያበላሹ ነው! ሚዛኑ አሁንም ቁልቁል እየወረደ መሆኑን ማን ያስብ? ውሃዬን የሚይዘው ማነው? ታሪኩ። በእኔ ክብደት ተጫውቶ የቀረው ማነው? ታሪኩ። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል? እሱ ሳያይ ጠርሙሱን እደብቃለሁ፣ አሸታለሁ፣ ከቦኖ ራሴ እቀዳለሁ። ልቤ ግን ባሰባት። ደረጃ መውጣት አቃተኝ። የኔ አእምሮ ይሄንንም በታሪኩ ሒሳብ ላይ ጻፈው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሄጄ ሽመናው ፊት ቆምኩበት።

«ማነው የላከህ?»

«ምን?» አለ፣ እግሩ አሁንም የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ነው።

«ውሃዬ ውስጥ ጨው የምትጨምረው ለማን ብለህ ነው?»

ታሪኩ ክሩን ለቀቀና ቀስ ብሎ ተነሳ። «አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? በየጠዋቱ ሥራ ፈትቼ ውሃህን ተሸክሜ ዳገት የምወጣው ለምንድነው የሚመስልህ?»

«እሱን ነው የምጠይቅህ!»

አክስቴ ከውጭ ሰምታ «ኧረ በጌታ! ኧረ ተዉ!» እያለች ሮጣ ገባች። እጄን አነሳሁ። ብዙ ሰው በዚያ እጅ ጥያለሁ፤ ያን ዕለት ግን የወደቅኩት እኔ ነኝ። ልቤ ደረቴ ውስጥ ተንጫጫች፣ ጣሪያው ዞረ፣ የሸማው ድር ላይ ተዘረርኩ።

ከዚያ የማስታውሰው ጀርባ ነው። ሰፈራችን መኪና አይገባም። ታሪኩ በዚያች የወለቀች ትከሻው አዝሎኝ ቁልቁለቱን እየሮጠ ነው። ትንፋሹ ይሰማኛል። እና ምን እያሰብኩ ነበር? «ወዴት ነው የሚወስደኝ?» ይሄን ስጽፍ ያሳፍረኛል፣ ግን በሽታው ሰውን ምን እንደሚያደርግ እንድታውቁት ነው።

ድንገተኛ ክፍል ደረቴ ላይ ገመድ ለጣጠፉ፣ ክንዴ ላይ መርፌ ሰኩ። ቆይቶ ያቺ ዶክተር መጣች፤ አየችኝና «ሸማኔው መጣ?» አለች። ውጤቴ ከደረሰ ቆይቷል፤ የታይሮይዱ ሆርሞን መጠን ያለ ልክ ነው። መድኃኒቱን ትወስድ ነበር ወይ አለችኝ። አልገዛሁትም አልኳት። ምን ትበላ ነበር አለችኝ። ይሄኔ ነው አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ የጀመረችው።

«እኔ ነኝ ዶክተር። እኔ ነኝ የገደልኩት። እንቅርት ነው ብላችሁት ነበር። እናቴ እንቅርት ነበረባት፤ ያኔ የጤና ሰዎች መጥተው አዮዲን ያለው ጨው ብሉ፣ ጨው ብሉ ብለውን ነበር። እሱ ደግሞ ጨው አላስነካም አለኝ። እኔም ተደብቄ ምግቡ ውስጥ... ማለቴ ውሃውም ውስጥ ትንሽ ትንሽ... ታሪኩ ምንም አያውቅም።»

ተጠራጣሪው እኔ፣ ለካስ ልክ ነበርኩ! ጨው የሚጨምርብኝ ሰው ነበር። ደስ እንዲለኝ ነበር፤ አላለኝም። ታሪኩን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ዶክተሯ አክስቴን ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት። «እማማ፣ አልገደሉትም። የእናትዎ እጢ አዮዲን የራባት ነበረች፣ ለእሷ ጨው ምግብ ነው። የእሱ ደግሞ ጠግባ ያበደች ናት፣ ለእንደዚህ ዓይነቷ አዮዲን ማብዛት እሳት ላይ እንጨት መጨመር ነው። ስሙ አንድ ነው፣ በሽታው ግን ለየቅል ነው። እኔም እንቅርት ብዬ ስናገር ይሄን ማስረዳት ነበረብኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጨዋቸው ትንሽ አባብሶት ይሆናል። እዚህ ያደረሰህ ግን ያልዋጥከው መድኃኒት ነው። እሱን የከለከለህ ሰው አለ?»

የለም አልኳት።

ሲያስወጡኝ ታሪኩን ይቅርታ ጠየቅኩት። እሱም ሆዬ ወዲያው አልማረኝም፣ ቀናት ፈጀበት። በመጨረሻ «የቆረጥክብኝን ድር አብረኸኝ ትቀጥላለህ» አለ፣ አስቀጠለኝም። በዚያ በሚንቀጠቀጥ ጣት ክር መቀጠል፣ አይጣል! እሱ ግን አጠገቤ ተቀምጦ ዋለ።

አሁን ድኛለሁ ማለት ይቻላል። ክኒኑን በየቀኑ እውጣለሁ። እጄ ቆሟል፣ ዓይኔም ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው፣ ሌሊት እተኛለሁ። ኪሎዬ ተመልሶ ፒያሳን ትቶ ሽሮ ሜዳ ገብቷል ይላል ታሪኩ። ፈቃዴን በተመለከተ ራሴው አመልክቼ ታግዷል፤ ግጥሚያውም ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። ደሜ ተስተካክሎ ሐኪም እሺ ካለኝ እመለሳለሁ፤ ካላለኝም እንግዲህ ምን ይደረጋል።

ለእናንተ የምለው ይሄ ነው። እየበላችሁ የምትከሱ ከሆነ አትደሰቱ። ልባችሁ ቁጭ ብላችሁ የምትሮጥ፣ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ፣ ሙቀት የማትችሉ፣ በትንሽ ነገር ቱግ የምትሉ ከሆነ «ታይሮይዴን እዩልኝ» በሉ፣ የደም ምርመራ ነው፣ በቃ። ክኒኑን ከጀመራችሁ ደግሞ ጉሮሮ ካመማችሁ ወይም ካተኮሳችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ እኔን ዶክተሯ ደጋግማ ያስጠነቀቀችኝ ይሄን ነው። አዮዲን ያለውን ጨው ግን ቤታችሁ ካለ እንዳትጥሉት፣ ለሌላው ሰው መድኃኒት ነው። ሰው ደግሞ ጠርጥሩ፣ አትጠርጥሩ አልልም። ብቻ ማንን እንደምትጠረጥሩ እወቁ።

ይሄን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሆስፒታል በወጣሁ በሳምንቱ ለኬቨን ደወልኩ። አክስቴና ታሪኩ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ልቤን፣ እጄን፣ መደበቄን፣ አፍሬ፣ ይቅርታ እየጠየቅኩ።

«አይቼው ነበር» አለኝ። «ዓይንህን ገና ስታፈጥ ነው ያየሁት። ድሮ ያሠለጠንኩት አንድ ልጅ ልክ እንዳንተ ሆኖ ያውቃል፣ እሱም ታይሮይድ ነበር። እጅህን ወገብህ ላይ ስታደርግም ገብቶኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ግጥሚያው ይለፍ ብዬ ነዋ» አለ። «ኪሎህ እኮ በጣም ቆንጆ ነበር።»

ስልኩን ዘጋሁት። አክስቴ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ፊቴን ፊቴን እያየች «ምን አለህ የእኔ ልጅ? ተቆጣ?» አለችኝ።

«አልተቆጣም። ከመጀመሪያውም አይቶኝ ነበር።»

ፊቷ በራ። ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። «ጌታ ይባረክ! በሰው አገር እንዲህ የሚያይልህ ሰው የሰጠህ ጌታ ይባረክ!»

ታሪኩ እንግሊዝኛ ይገባዋል። አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።

«አሜን» አልኳት።